የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፍጻሜ ሳያገኙ የቀሩ የምሽት ድራማዎች

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን አንድ ጉዳይ ስለሚያገናኛቸው በዚህ እትም አብረን አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በዋናው የምሽት ሰዓት ታይተው ዕድሜያቸው የተቀጨና ዛሬ ከሰው ትዝታ የወጡ ሶፕ ኦፔራዎች፣ ማለትም ታሪካቸው ከክፍል ወደ ክፍል የሚቀጥል የቤተሰብና የፍቅር ድራማዎች፣ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በ1983 መገባደጃ ከሱዳን በስደተኝነት አሜሪካ እንደገባሁ፣ ካስጠጋችኝ ዘመዴ ጋር ማታ ማታ አንድ ተከታታይ ድራማ እንመለከት ነበር። ታሪኩ ሚስቱ የሞተችበት አንድ የባሕር ኃይል አድሚራል ከሦስት ሴት ልጆቹ ጋር በአየር ጣቢያ ውስጥ የሚኖረውን ኑሮ የሚያሳይ ነው። ዳላስ ስለተባለው ድራማ ሳወራ ልጆቼ ያውቁታል፤ ይህንን ስጠቅስላቸው ግን «እማዬ፣ በሕልምሽ ያየሽው ነው» ይሉኛል። አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቼም ሰምተውት አያውቁም። በእርግጥ እንዲህ ያለ ድራማ ነበረ? ከነበረስ እንዴት እንዲህ ሊረሳ ቻለ?
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ በሕልምዎ ያዩት አይደለም። ድራማው ኤመራልድ ፖይንት ኤን.ኤ.ኤስ. ይባል ነበር (ኤን.ኤ.ኤስ. የባሕር ኃይል የአየር ጣቢያ ማለት ነው)፤ ከሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 እስከ ማርች 12 ቀን 1984 ድረስ ሰኞ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከሦስቱ ታላላቅ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኔትወርኮች አንዱ በሆነው በሲ.ቢ.ኤስ. በ22 ክፍሎች ታይቷል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ኤ.ቢ.ሲ. እና ኤን.ቢ.ሲ. ናቸው። አድሚራል ቶማስ ማሎሪን ሆኖ የተጫወተው ዴኒስ ዊቨር ሲሆን፣ ከሦስቱ ልጆች አንዷን፣ ሲሊያን፣ የተጫወተችው ሱዛን ዴይ ናት። የአድሚራሉን ባላንጣ፣ ባለጸጋውን ሃርላን አዳምስን፣ መጀመሪያ ፓትሪክ ኦኒል ሲጫወተው ቆይቶ በኋላ በሮበርት ቮን ተተክቷል፤ ስለዚህ በመሐሉ «ሰውዬው ተለወጠ እንዴ?» ብለው ተገርመው ከነበረ፣ ያም ትዝታዎ ትክክል ነው።

የድራማው ፈጣሪዎች ባልና ሚስቱ ሪቻርድና ኤስተር ሻፒሮ ናቸው። ዳይነስቲንም የፈጠሩት እነርሱው ሲሆኑ፣ ዳይነስቲ ከ1981 እስከ 1989 ቆይቶ በ1984–85 የቴሌቪዥን ዘመን በመላው አሜሪካ በተመልካች ብዛት አንደኛ ለመሆን በቅቷል። አንዱ ሥራቸው በዓለም ሲታወቅ ሌላው ደብዛው የጠፋው በደራሲዎቹ የችሎታ ልዩነት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራዎች ናቸውና። እኔ እንደማምነው ለአብዛኞቹ እንዲህ ላሉ ድራማዎች መቀጨት ምክንያቱ ከድርሰቱ ይልቅ የፕሮግራም ሰሌዳውና የማስታወቂያው ሒሳብ ነው። ለመረሳታቸው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ማታ የሚታይ ሶፕ ኦፔራ በአሜሪካ ሥር የሰደደው በኤ.ቢ.ሲ. ፔይተን ፕሌስ ነው፤ ከ1964 እስከ 1969 ድረስ 514 ክፍሎች የቀረቡለት ሥራ ነበር። ያንን ስኬት ለመድገም ኤ.ቢ.ሲ. በ1969 ዘ ሰርቫይቨርስን አመጣ። የታወቀውን ልብ ወለድ ጸሐፊ ሃሮልድ ሮቢንስን ስም ይዞ፣ ላና ተርነርንና ጆርጅ ሃሚልተንን አሰልፎ የተነሣው ይህ ድራማ በሴፕቴምበር ተጀምሮ በጃንዋሪ ተቋረጠ። ሲ.ቢ.ኤስ. በ1975 ያቀረበው ቢከን ሂልም፣ በ1920ዎቹ የቦስተን ከተማ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብንና የአገልጋዮቹን ኑሮ በብዙ ወጪ ያሳየ ሲሆን፣ በኦገስት ጀምሮ ኖቬምበር ላይ ቆመ። ሦስቱ ታላላቅ ኔትወርኮች ሁሉ ወደዚህ ዓይነቱ ድራማ እንዲሮጡ ያደረጋቸው በ1978 የተጀመረው ዳላስ ነው።

ከ1980 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ብቻ የታየውን ብዛት ማሰብ ይበቃል። ሲ.ቢ.ኤስ. ሲክሬትስ ኦፍ ሚድላንድ ሃይትስን ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ተወው፤ በፍሎሪዳ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ያተኮረው የኤን.ቢ.ሲ. ፍላሚንጎ ሮድ ከ1981 እስከ 1982 ቆየ፤ ኤ.ቢ.ሲ. በ1982 መጀመሪያ ኪንግስ ክሮሲንግን ሰባት ክፍል አሳይቶ አነሣው። ኤን.ቢ.ሲ. በ1983 በሽቶ ንግድ ዙሪያ የሚሽከረከረውን ቤር ኤሰንስን 11 ክፍል፣ ከዚያ በቴክሳስ የከብት እርባታ ላይ የሚያጠነጥነውንና ሲቢል ሼፐርድና ሳም ኤልየት የተጫወቱበትን ዘ የሎ ሮዝን 22 ክፍል አቀረበ። በ1984 የኤ.ቢ.ሲ. ፔፐር ዶልስ የኒው ዮርክን የሞዴሎች ዓለም ይዞ መጥቶ የመጨረሻው ክፍል በፈረንጆቹ ገና ዕለት ማታ፣ በዲሴምበር 25፣ ታየ። በ1985 መጀመሪያ ኤን.ቢ.ሲ. በአንድ ትልቅ የኒው ዮርክ መደብር ባለቤቶች ቤተሰብ ላይ የተሠራውን ቤረንገርስን አስተዋውቆ በማርች ወር ሰረዘው።

ይህ ሁሉ ድራማ ደካማ ነበር ማለት አይቻልም። ችግሩ ተከታታይ ታሪክ ከተመልካቹ የሚጠይቀው ነገር ከባድ መሆኑ ነው። ወንጀል የሚመረመርበት ወይም የሚያስቅ ፕሮግራም አንድ ሳምንት ቢያመልጥ ጉዳት የለውም፤ ሶፕ ኦፔራን ከመሐል መጀመር ግን ድግስ ካለቀ በኋላ ደርሶ የጨዋታው ጫፍ እንደጠፋበት እንግዳ መሆን ነው። በ1983 መጸው አንዲት የዚህ ዓይነት ድራማ ወዳድ ረቡዕ ዳይነስቲ፣ ሐሙስ ኖትስ ላንዲንግ፣ ዓርብ ዳላስና ወዲያው ፋልከን ክረስት ነበሯት። የአራት ቤተሰቦችን ምስጢር በቃሏ የያዘች ሴት አምስተኛና ስድስተኛ ለመጨመር ልብም ሰዓትም አይተርፋትም ነበር። ኤመራልድ ፖይንት ደግሞ በመጸው ወራት በዚያው ሰዓት ኤ.ቢ.ሲ. ከሚያስተላልፈው የሰኞ ማታ የአሜሪካ እግር ኳስ ጋር ተፋጥጦ ነበር።

ኔትወርኮቹ ለትዕግሥት ቦታ የማይሰጥ አሠራር ነበራቸው። አዲስ ድራማ ሲቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ 13 ክፍል ብቻ ያዝዙ ነበር፤ ኒልሰን የተባለው ድርጅት በየቤቱ ባስቀመጠው መሣሪያና ተመልካቾች ራሳቸው በሚሞሉት መዝገብ የሚሰበስበው ቁጥር ካማረ ዘጠኝ ጨምረው 22 ያደርሱት ነበር። ለማስታወቂያ ዋጋ መነሻ የሚሆነው ዋናው ቆጠራ በኖቬምበር፣ በፌብሯሪና በሜይ ይካሄድ ስለነበር፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ የተጀመረ ድራማ ገጸ ባሕርያቱን በቅጡ ሳያስተዋውቅ ፈተናው ላይ ይደርስ ነበር። ዳላስ ራሱ ሲጀምር አምስት ክፍል ብቻ የታዘዘለት ድራማ ነበር፤ ጊዜ ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ልጆችዎ እርሱንም አያውቁትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤመራልድ ፖይንት ማርች 12 ሲያበቃ በሳምንቱ የእርሱን ሰዓት የወሰደው ስለ ሁለት ሴት ፖሊሶች የሚተርከው ካግኒ ኤንድ ሌሲ ነው። ያንን ድራማ ሲ.ቢ.ኤስ. በ1983 ሰርዞት ነበር፤ ተመልካቾች ደብዳቤ ስላዘነቡና ተዋናይቷ ታይን ዴሊ በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት ስላገኘች ግን ኔትወርኩ ሐሳቡን ቀይሮ መለሰውና እስከ 1988 ቆየ። የእርስዎ አድሚራል እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዕድል አላጋጠመውም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለ መረሳቱ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን አንድ ድራማ ከተቋረጠ በኋላ በሕይወት የሚቆየው በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ገዝተው በየቀኑ ሲደግሙት ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለመደገም ደግሞ ወደ 100 የሚጠጋ ክፍል ይፈለጋል። 22 ክፍል በአንድ ወር ገደማ ያልቃል፤ ስለዚህ የሚገዛው አልነበረም። በዚህ ላይ ሶፕ ኦፔራ ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም እንኳ ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ ድጋሚው ብዙ ተመልካች አይስብም፤ ዳላስም በድጋሚ ሽያጭ እንደ ዝናው አልሆነለትም። የፖሊስና የአስቂኝ ድራማ ዘመን አልፎም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ የተቋረጠ ሶፕ ኦፔራ ከመጋዘን የሚያወጣው ባለመኖሩ የሚቀረው እንደ እርስዎ በዚያ ሰዓት ቁጭ ብለው ባዩት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ ከተማ ነው፤ ድራማውንም ከነስሙ እወደዋለሁ። ሆኖም ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ድራማዎች ለምን መጨረሻ ሳይኖራቸው ተንጠልጥለው እንደቀሩ አይገባኝም። ይባስ ብሎ አንዱ ጀግናዋን በጠፈር መንኮራኩር አስወስዶ እንዳበቃ ጓደኛዬ ነግሮኝ አላመንኩትም።
ጂ. ቲ.፣ ከቴክሳስ

መልስ፦ ጓደኛዎን ይመኑት። ድራማው የዳይነስቲ ቅርንጫፍ የነበረው ዘ ኮልቢስ ነው። ኤ.ቢ.ሲ. ከኖቬምበር 1985 እስከ ማርች 1987 ድረስ 49 ክፍሎች አሳይቶታል፤ ቻርልተን ሄስተን፣ ስቴፋኒ ቢቻምና በመጀመሪያው ዓመት ታላቋ ባርባራ ስታንዊክ ተጫውተውበታል። ገንዘብም ስምም አልጎደለውም ነበር፤ ነገር ግን ሐሙስ ማታ ቺርስ ከተባለው የኤን.ቢ.ሲ. አስቂኝ ድራማ ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። በመጨረሻው ክፍል ኤማ ሳምስ የተጫወተቻት ፋለን በሌሊት በበረሃ መንገድ ብቻዋን ስትነዳ መኪናዋ ይቆማል፤ ከሰማይ ብርሃን ይወርዳል፤ መንኮራኩሩ አጠገቧ አርፎ በሩ ይከፈትና ፋለን ወደ ውስጥ ትገባለች። ድራማው በዚህ አበቃ። ፋለን ከሌሎቹ የታደለች ሆና እናት ድራማው ዳይነስቲ ገና በሕይወት ስለነበረ በ1987 መጸው ወደዚያ ተመልሳ የደረሰባትን ለመናገር በቃች።

እንዲህ ያለውን አጨራረስ ያስለመደው የእርስዎ ከተማ ድራማ ነው። በማርች 1980 የዳላስ ዋና ገጸ ባሕርይ ጄ.አር. ዩዊንግ በጥይት ተመትቶ የዓመቱ ዝግጅት ተዘጋ፤ በተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት መጠበቁ ከወትሮው ረዝሞ ማን እንደተኮሰበት በኖቬምበር 21 ሲገለጽ ከ80 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን እንደተመለከቱት ይነገራል። ከዚያ በኋላ የዓመቱን የመጨረሻ ክፍል በአደጋ፣ በግድያ ወይም በተዘጋ በር ማንጠልጠል ለሁሉም ደራሲ ግዴታ የሆነ ያህል ተቆጠረ። ዘዴው የሚሠራው በሚቀጥለው ዓመት ለመመለሱ እርግጠኛ ለሆነ ድራማ ነው። ደራሲዎቹ የዓመቱን መዝጊያ ሲጽፉ ግን ኔትወርኩ ውሳኔውን ገና አላስታወቀም፤ ስለዚህ የተሰረዘው ሁሉ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ1992 ሲ.ቢ.ኤስ. በጆኤል ሹማከር አዘጋጅነት ያቀረበው 2000 ማሊቡ ሮድ፣ ሊሳ ሃርትማን፣ ጄኒፈር ቢልስና ድሩ ባሪሞር የተጫወቱበት ሆኖ ሳለ፣ በስድስተኛው ክፍል ታሪኩ በተጋጋለበት ቦታ ተቆርጦ ቀረ። የሜልሮዝ ፕሌስ ቅርንጫፍ የሆነው ሞዴልስ ኢንክም በ1995 ከ29 ክፍል በኋላ የደረሰበት ይኸው ነው።

ለተመልካች የተጀመረ ታሪክ ቃል የተገባ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የሚሰርዝ ጣቢያ ቢያንስ አንድ የመዝጊያ ክፍል እንዲጻፍ ጊዜ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ይህም የማይቻል ነገር አይደለም። ቢ.ቢ.ሲ. በስፔን ማላጋ አውራጃ፣ ኮይን አጠገብ ሙሉ መንደር አሠርቶ በጁላይ 1992 የጀመረው ኤልዶራዶ ተቺዎችም ጋዜጦችም የተረባረቡበት ድራማ ነበር፤ የጣቢያው ኃላፊ አለን የንቶብ በ1993 እንዲዘጋ ሲወስኑ ግን ለደራሲዎቹ ወራት ተሰጧቸው። በጁላይ 9 ቀን 1993፣ በ156ኛው ክፍል፣ ማርከስ ታንዲ የተባለው ተንኮለኛ ሊገድለው የተጠመደውን የመኪና ፍንዳታ አምልጦ ከወዳጁ ጋር በጀልባ ወደ ባሕር ሲሄድ ተመልካቹ አይቶ ተሰናበተው። ያልተሳካ የተባለ ድራማ እንኳ እንዲህ በክብር ሊሸኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ በነዚህ አጫጭር ድራማዎች ሁሉ የማትጠፋ አንዲት ወርቃማ ፀጉር ያላት ተዋናይት ነበረች። ስሟ ማን ነበር?
ከለንደን

መልስ፦ ሞርጋን ፌርቻይልድ ትሆናለች ብለን እናስባለን። በ1978 በዳላስ ጄና ዌድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው እርሷ ናት፤ ከዚያ በፍላሚንጎ ሮድ ኮንስታንስን፣ በ1984 ደግሞ በፔፐር ዶልስ የሞዴሎች ድርጅት ባለቤትን ሆና ሠርታለች። በፋልከን ክረስትም ታይታለች። ሌላዋ ብዙም የማትታወስ ነገር ግን መታወስ የሚገባት ሊንዳ ሃሚልተን ናት፤ በሲክሬትስ ኦፍ ሚድላንድ ሃይትስና በኪንግስ ክሮሲንግ ተከታትላ ሠርታ ሁለቱም በአጭሩ ከተቀጩባት በኋላ፣ በ1984 ዘ ተርሚኔተር በተባለው ፊልም ዓለም አወቃት።

ጥያቄ፦ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ያየኋቸው የቱርክ ድራማዎች መጨረሻቸው ደርሶ ተሰናብተናቸዋል። አሜሪካኖቹ ለምን እንደ እነርሱ አያደርጉም?
ከአዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ.

መልስ፦ ልብ ሊሉት የሚገባው ቃና በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያሳየን በአገራቸው ታይተው ያበቁ ሥራዎችን መሆኑን ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ መጨረሻቸው ተጽፏል። በቱርክም ተመልካች ያጣ ድራማ ያለ ርኅራኄ ይቋረጣል፤ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ለማጠቃለያ ክፍል ጥቂት ሳምንት መሰጠቱ ነው። የላቲን አሜሪካ ቴሌኖቬላ ደግሞ ከመነሻው መጨረሻ ታቅዶለት የሚጻፍ ነው።

ይህንን አሠራር አሜሪካም አንድ ጊዜ በሰፊው ሞክራዋለች። በ2006 ዩ.ፒ.ኤን. እና ደብልዩ.ቢ. የተባሉት ኔትወርኮች ተዘግተው በምትካቸው አንድ አዲስ ሲቋቋም፣ ፕሮግራም ያጡትን ጣቢያዎች ለመሙላት የፎክስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ማይኔትወርክ ቲቪን አቋቋመ። በሴፕቴምበር 5 ቀን 2006 ዲዛየርና ፋሽን ሃውስ የተባሉ ሁለት ድራማዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው መታየት ጀመሩ፤ ቅዳሜ የሳምንቱ ክለሳ ይቀርብ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም በ65 ክፍል እንዲያበቁ ታቅደው ነበር፤ በእርግጥም አበቁ። በፋሽን ሃውስ ከቦ ዴሪክ ጋር የተጫወተችው ያቺው ሞርጋን ፌርቻይልድ ናት። ሐሳቡ በእኔ አስተያየት የሚያስመሰግን ነበር፤ ተመልካቹ በሳምንት አንድ ማታ ታሪክ መከታተል የለመደ በመሆኑና ጣቢያውም አዲስ ስለነበረ ግን የሚመለከተው ሰው ጥቂት ሆነ፤ በ2007 ጣቢያው ሶፕ ኦፔራን ትቶ ወደ ሌላ ዓይነት ፕሮግራም ዞረ። እነዚያ ድራማዎች ሙሉ ፍጻሜ ኖሯቸውም ዛሬ የሚያነሣቸው የለም፤ ማለቅ ብቻውን ከመረሳት አያድንም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያሉ የጠፉ ድራማዎችን ዛሬ ማየት የሚቻልበት መንገድ አለ?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ አለ፤ እንደ ድራማው ዕድል ይለያያል። ሶፕኔት የተባለው የኬብል ጣቢያ ከ2000 እስከ 2013 በቆየበት ዘመን ብዙ ውለታ ውሏል። የጸሐፊው ማይክ ዋይት ሥራ የሆነውንና ዳና ዴላኒ የተጫወተችበትን ፓሳዲናን ፎክስ በ2001 መጸው አራት ክፍል ብቻ አሳይቶ ሲተወው፣ ሶፕኔት በ2005 የተቀረጹትን 13ቱንም ክፍሎች ለተመልካች አድርሷል። ዘ ኮልቢስ በዲቪዲ ወጥቷል። አብዛኞቹ ግን በዲቪዲም ሆነ በኢንተርኔት በሕጋዊ መንገድ አልቀረቡም፤ ተመልካቾች ያኔ በቪዲዮ ካሴት የቀዱትን ካልሆነ በቀር የሚገኝ ነገር የለም። ስለዚህ ቤትዎ ወይም ዘመድ ዘንድ የ1980ዎቹ ካሴት ካለ ሳይጣል በፊት ይዘቱን ማየቱ ተገቢ ነው፤ በላዩ ሰርግ ተቀድቶበት ቢሆንም እንኳ ከሰርጉ በኋላ የቀረው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ለእርስዎና በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢያን ግን የተሻለ ዕድል አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለደራሲ መብት ምዝገባ ሲባል የሚገቡለትን የቴሌቪዥን ሥራዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት አከማችቷል፤ ፊልሙና ቪዲዮው የሚቀመጠው በእናንተው ክፍለ ግዛት፣ ከ2007 ጀምሮ በከልፐፐር በሚገኘው ማዕከል ነው። ለማየት ወደ ከልፐፐር መሄድ አያስፈልግም፤ በዋሽንግተን በጄምስ ማዲሰን ሕንፃ ባለው የተንቀሳቃሽ ምስል ንባብ ክፍል ለጥናት የመጣ ሰው በነጻ ያያል። መዝገቡ ውስጥ የድራማውን የእንግሊዝኛ ስምና የታየበትን ዓመት ፈልገው ካገኙ፣ ቅጂው ከመጋዘን እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ ከመሄድዎ ሳምንታት በፊት ለክፍሉ ጽፈው ቀጠሮ ያስይዙ። የሲልቨር ስፕሪንጓ አንባቢያችንም ከልጆቻቸው አንዱን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚፈልጉት ስም ኤመራልድ ፖይንት ኤን.ኤ.ኤስ.፣ ዓመቱም 1983 ነው።